ጉሙን የምታይ ልጅ

ዘጠነኛውንና የመጨረሻውን መጽሐፍ ትናንት ሌሊት ጨረስኩት። ቆርቆሮው በታኅሣሥ ውርጭ እየተኮማተረ ቋ ቋ ይላል፤ እኔ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ጣቶቼ ገጽ መግለጥ እስኪያቅታቸው ደንዝዘው፣ የመጨረሻዋን ገጽ ሦስት ጊዜ ደጋገምኳት። ከዚያም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለሦስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሰው ዕቃዋን ሸክፋ የሄደች ያህል ቤቱ ጭር አለብኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። አያቴ ፀሐይ ሊሞቁ ደጅ ተቀምጠዋል፤ እኔም ነገሩ ሳይበርድብኝ ልጻፈው ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብያለሁ።

መጻሕፍቱን የጻፈችው ካት ሪቻርድሰን የምትባል አሜሪካዊት ናት። ከ2006 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመቻቸው ሲሆኑ ተከታታዩ «ግሬይዎከር» ይባላል። መጀመሪያ እጄ የገባው ሦስተኛው ነው። በምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከውጭ አገር በስጦታ የመጡ ካርቶኖች ስንፈታ፣ ለተማሪ አይጠቅሙም ተብለው ጥግ ከተከመሩት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አነሳሁ። ቆሜ ሁለት ገጽ አነበብኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። የምሳ ሰዓት አልፎ ልጆቹ ተመልሰው ሲገቡ ነው ቀና ያልኩት። የቀሩትን ስምንቱን፣ የታሪኩ መቼት በሆነችው በሲያትል የምትኖረው የአክስቴ ልጅ፣ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንዳንድ እያስያዘች አደረሰችልኝ። ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቁ ስለደረሱኝ ሰባተኛውን ከአራተኛው በፊት ነው ያነበብኩት፤ ያም ሆኖ ልቤን ከመውሰድ አላገደውም።

የታሪኩ ባለቤት ሃርፐር ብሌይን የግል መርማሪ ናት። ቀድሞ በዳንስ ትተዳደር ነበር፤ አሁን ሰው ጠፋብኝ፣ ዕቃ ጠፋብኝ ለሚል ሰው በክፍያ ትፈልጋለች። አንድ ቀን ምርመራ ስታካሂድበት የነበረ ሰው ደብድቦ ይገድላታል። በእርግጥም ትሞታለች፤ ሁለት ደቂቃ። ሆስፒታል ውስጥ ነፍስ ዘርታ ስትነሳ ዓይኗ የድሮው ዓይን አይደለም። በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለውን፣ ደራሲዋ «ግራጫው» የምትለውን የጉም ዓለም ታያለች። እዚያ ውስጥ የሞቱ ሰዎች ይመላለሳሉ፤ ያለቀ ነገር ያላለቀ መስሎ ይደጋገማል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት በልብ ወለድ ውስጥ ወይ ታብዳለች ወይ ዓለምን እንድታድን ትመረጣለች። ሃርፐር ግን ቢሮዋን ትከፍታለች። የቤት ኪራይ አለባትና። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዳዮቿም አንዲት እናት የጠፋ ተማሪ ልጇን እንድትፈልግላት፣ አንድ ሰው ደግሞ የድሮ ኦርጋን እንድታገኝለት የሚጠይቋት ናቸው። አሮጌ ላንድሮቨር ትነዳለች፤ ቤቷ ውስጥ ፌሬት የምትባል ሸለምጥማጥ የምትመስል እንስሳ ታሳድጋለች። ስትመታ ያማታል፤ የጎድን አጥንቷ እስኪያገግም ምዕራፎች ያልፋሉ። ያልገባትን ነገር ከሚያውቁ ሰዎች ደጅ ሄዳ ትጠይቃለች። እኛ ዘንድ «ጠንካራ ሴት» ሲባል ሁሉን በሆዷ ይዛ ዝም የምትል ማለት ነው፤ እናቶቻችንን ያደከመው ይኸው ምስጋና ነው። ሃርፐር ዝም አትልም። ትፈራለች፣ እንደፈራች ትናገራለች፣ ከዚያ ወደ ጨለማው ምድር ቤት ትወርዳለች። ለእኔ ጥንካሬ ማለት ይህ ነው፤ ይህን የተማርኩትም ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከእሷ ነው።

ሁሉም መጽሐፍ እኩል ነው አልልም። በጉሙ ዓለም ታሪክ ውስጥ ያሉት ደም መጣጮች ለሥልጣን የሚሻኮቱበት ክፍል እየረዘመ ሲሄድ ትዕግሥቴን ጨርሶታል። ሁለተኛው ግን መነሻው ራሱ ያስደንቃል፦ በ1972 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ፊሊፕ የሚባል ፈጽሞ ያልነበረ ሰው ታሪክ ፈጥረው፣ በጋራ እያሰቡት ጠረጴዛ እስኪንኳኳላቸው ድረስ ተቀምጠው ነበር። ልብ ወለዱ ከዚያ ተነስቶ ሰው በሐሳቡ የሠራው መንፈስ ከእጁ ቢያመልጥ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል።

ከሁሉም የማስበልጠው ያንን ሽፋን አልባውን ሦስተኛውን ነው፤ ከከተማው ሥር ያለውን ከተማ የሚያሳየውን። ይህ የደራሲዋ ፈጠራ አይደለም። ሰኔ 6 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ አንድ የአናጢ ቤት ላይ ሙጫ ገንፍሎ እሳት ተነሳና የከተማዋ የንግድ መሐል በአንድ ቀን ወደመ። እንደገና ሲሠራ መንገዶቹን በግንብ ደግፈው በአፈር ሞልተው ከፍ አደረጓቸው። የሱቆቹ በርና የእግረኛው መንገድ ግን ታች ቀሩ፤ ሰው ለተወሰነ ጊዜ በመሰላል እየወጣና እየወረደ ይገበያይ ነበር። በኋላ የእግረኛውም መንገድ በላይ በላዩ ተሠራና የድሮው ከሥር ታፍኖ ቀረ። በ1907 እ.ኤ.አ. የወረርሽኝ ስጋት መጥቶ ያንን ዘጉት። ሃርፐር እዚያ ስትወርድ መስኮቶቹን፣ በሮቹን፣ ገበያተኛውንም ታያለች፤ ገበያተኛው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል።

የአክስቴን ልጅ እባክሽ ሄደሽ እዪልኝ ብዬ ለመንኳት። ከሥራ ስትወጣ ሄዳ አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። የእግረኛው መንገድ ላይ፣ በሲሚንቶው መካከል፣ እንደ ገበጣ ጉድጓድ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ወፍራም መስታወቶች ይታያሉ። ከሥር ለሚሄደው ሰው ብርሃን እንዲያወርዱ የተተከሉ ናቸው። ሲሠሩ ነጭ ነበሩ፤ ውስጣቸው ማንጋኒዝ ስላለበት ፀሐይ ለዓመታት ሲመታቸው ወደ ሐምራዊ ተለውጠዋል። በፎቶግራፉ ጥግ የአክስቴ ልጅ የጫማ ጫፍ ይታያል። «በየቀኑ እየረገጥኩት ነው የማልፈው፤ ከሥሬ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር» ብላ ጻፈችልኝ።

እኔስ? በሳምንቱ ወደ ሥላሴ ስወጣ ይኸው ጥያቄ ተከተለኝ። ደብረ ብርሃን የተወለደ ልጅ ሁሉ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን አይተው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩና ከተማዋ ስሟን ከዚያ እንዳገኘች ያውቃል። ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ በ1456 እ.ኤ.አ. ታይቶ ስለነበር ብርሃኑ እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ንጉሡ ከመጨረሻዎቹ ዐሥራ አራት ዓመታቸው ዐሥራ ሁለቱን እዚህ ነው ያሳለፉት። ይህንን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ብርሃኑ ከመታየቱ ከ38 ቀን በፊት የሆነውን ግን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለእመቤታችንና ለመስቀሉ አንሰግድም ብለዋል ተብለው የተከሰሱ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ በድንጋይ ተወግረው ተገደሉ። ንጉሡም ብርሃኑን ሲያዩ እግዚአብሔር ፍርዱን እንደወደደው ምልክት አድርገው ቆጠሩት። ሃርፐር ከመናኸሪያው ወርዳ በአስፋልቱ ብትሄድ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከባጃጁ፣ ከፎቁ ሁሉ በፊት የምታየው እነዚያን ሰዎች ይመስለኛል። የምትጠይቃቸውም ያው የሥራዋን ጥያቄ ነው፦ ምን ቀረባችሁ? ያን ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ድንጋይ ሳይ እጄን ሰበሰብኩ።

ስለ አያቴ ሳልጽፍ ይህ ማስታወሻ ጎዶሎ ይሆናል። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ከመንዝ ወደ እኔ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው። መብራት በጠፋ ምሽቶች ከሰሉን አቀጣጥለን፣ እሳቸው የገብስ ቆሎ እያሹ፣ እኔ በስልኬ ብርሃን እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አወራላቸዋለሁ። ግራጫው የሚለውን ቃል እንዴት ልበለው ብዬ ስጨነቅ እሳቸው ቀደሙኝ። «ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ድምፁ ይሰማል እንጂ መልኩ አይታይም። እንደዚያ ነው?» እንደዚያ ነው እማማ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሙ ጉሙ ሆነ፤ ሃርፐርም ጉሙን የምታይ ልጅ።

በመጀመሪያው ሳምንት አዝነውላት ነበር። «እኛ አገር ቢሆን ጻድቃኔ ማርያም ወስደን እናስጠምቃት ነበር» አሉ። የቀትር ጋኔን እየፈሩ፣ ሌሊት ስማቸው ቢጠራ ሳይደገም አቤት እንዳይሉ እየተነገራቸው ላደጉ ሰው፣ ሙታንን ፈልጋ የምትሄድ ልጅ ነገር ቀላል አይደለም። ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ሁለት ደቂቃ ስትሞት ማን ፈታት?»

«አልተፈታችም እማማ፤ ወዲያው ተመለሰች።»

«እንግዲህ ለዚህ ነዋ!» አሉ ቆሎውን ትተው። «መንገዱ ሳይዘጋ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።»

ዘጠኙን መጽሐፍ አንብቤ ከዚህ የተሻለ ትንታኔ አላገኘሁም። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የጠበሉን ነገር ተዉት። «ተያት፤ በሽታ አይደለም፤ ሥራ ነው የተሰጣት» አሉኝ። እኔ ለብዙ ጊዜ ልናገረው ፈልጌ ያቃተኝ ይኸው ነበር። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው የሚደረግለት አለ፤ ፍታቱ፣ ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ። ቤተሰብ ተበድሮም ቢሆን ያወጣዋል። ይህ የማይወጣለትስ? ዘመድ የሌለው፣ የት እንደወደቀ ያልታወቀ፣ ስሙ የጠፋ? ሃርፐር ለእንዲህ ያሉት ነው ቢሮዋን የምትከፍተው። ማን እንደነበሩ፣ ምን እንደሆኑ፣ ማን እንደበደላቸው ትመረምራለች፤ ሲታወቅላቸው ይሄዳሉ።

ሰባተኛውን ሳነብላቸው አያቴ መሐል ላይ አስቆሙኝ። በዚያኛው ታሪክ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የጠፋች ጀልባ አንድ ቀን ወደ ቦታዋ ተመልሳ ቆማ ትገኛለች፤ ተሳፋሪዎቿ ግን የሉም። «ማንም የለባትም?» አሉ። ማንም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያን ማታ አላነበብንም።

የአያቴ ታናሽ ወንድም በ1969 ዓ.ም. ለእናት አገር ጥሪ ከመንዝ ወጥተው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ከዘመቱት ሚሊሻዎች አንዱ ነበሩ። አልተመለሱም። መርዶም አልመጣም። መርዶ ስላልመጣ ድንኳን አልተጣለም፣ አልተለቀሰም፣ ተዝካር አልወጣም። ያልሞተን ሰው መፍታት ኃጢአት ነው ብለው እናታቸው እንቢ እንዳሉ አለፉ። የቀረው ጥቁር በርኖሳቸው ነው። አያቴ ከመንዝ ሲመጡ ከልብሳቸው በፊት ያስጫኑት እሱን ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ብል እንዳይበላው ያራግፉታል፣ ፀሐይ ያስመቱታል፣ በነጠላ ጠቅልለው ወደ ሳጥኑ ይመልሱታል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስጠይቅ የሚመልሱልኝም አንድ ነው፦ «የወንድሜ ነው፤ ብርድ ልብሱ ነው።» ነበረ ብለው አያውቁም።

ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ የመጨረሻውን መጽሐፍ አወራኋቸው። ታሪኩ ከሲያትል ወጥቶ ሊዝበን ላይ ነው የሚሆነው።

«የት ነው እሱ?»

«ባሕር ማዶ ነው እማማ፤ ፖርቱጋል።»

ሁለተኛውን ሲኒ ይዘው ዝም አሉ። ስኒው በእጃቸው ላይ ቀዘቀዘ።

«ሰው አገር ሄዳም ታያለች ማለት ነው?»

«ታያለች።»

«እንግዲያው ካራማራ ብትሄድም ታያለች።»

መልስ አላገኘሁም። ልብ ወለድ ነው እማማ ማለት ይቻል ነበር፤ እሳቸውም ልብ ወለድ መሆኑን ከእኔ እኩል ያውቃሉ። አዎ፣ ታያለች አልኳቸው። ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሰው «በይ ያንን በርኖስ አውጪልኝ፤ ፀሐዩ ሳያልፍ» አሉ። ጊዜው አይደለም፤ ጥቅምት ላይ አስጥተነው ነበር። ዝም ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩ።

አሁን ከመስኮቱ ሆኜ አየዋለሁ። አጥሩ ላይ ተዘርግቷል፤ አያቴ ከሥሩ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠርዙን በጣታቸው ይዘውታል። ከአንኮበር በኩል የሚመጣው ነፋስ ሲገባበት ትከሻው ላይ ያለችው ሹል ቀና ትላለች።