ድምፅ የማያሰማ የዳታ ስህተት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ኮምፒውተር ሲበላሽ ይቆማል ወይም የስህተት መልእክት ያወጣል ብለን እንጠብቃለን። ሰሞኑን የማጠናው ግን ምንም ሳይል የተሳሳተ ውጤት የሚያስረክበውን ብልሽት ነው።

የጀመርኩት በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ሆን ብዬ አንዲት ቢት (0 ወይም 1 የምትሆን ትንሿ የዳታ አሃድ) በመገልበጥ ነው። «1» የሚለው አሃዝ 00110001 ሆኖ ይቀመጣል፤ «9» ደግሞ 00111001። የሚለያዩት በአንዲት ቢት ብቻ ስለሆነ 100 የነበረው 900 ሆኖ ቁጭ አለ። ፋይሉ በሰላም ተከፈተ፤ መጠኑም በአንድ ባይት እንኳ አልተለወጠም። ፊደላችንም ከዚህ አያመልጥም፤ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ «ጠ» እና «ጡ» ጎን ለጎን ስላሉ «ሰጠ» በአንዲት ቢት «ሰጡ» ይሆናል። ይህን የትኛው ፊደል አራሚ ይይዘዋል?

ቀጥዬ የቼክሰም (ዳታው መለወጡን ለማወቅ ከይዘቱ የሚሰላ የመፈተሻ ቁጥር) ዘዴዎችን አወዳደርኩ። ባይቶቹን ዝም ብሎ የሚደምረው ዘዴ የተገለበጠችውን ቢት ያዛት፤ 1900ን ወደ 9100 ስለውጠው ግን ድምሩ ያው ስለሆነ አሳለፈው። ረቀቅ ያለ ስሌት ያላቸው ሲአርሲ-32 እና ኤስኤችኤ-256 የተባሉት ዘዴዎች ሁለቱንም ለውጦች ያዙ። ስህተትን ራሱ በሚያርመው ኢሲሲ ሚሞሪ ላይ ብዙ አልቆየሁም፤ በተለመደው አሠራሩ ለ64 ቢት 8 የመቆጣጠሪያ ቢት ይጨምራል፣ አንድ ስህተት ያርማል፣ ሁለት ሲሆኑ ያሳውቃል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሲሳሳት ነው። የፌስቡክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳወቁት፣ አንድ የታመመ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስሌት የሚሠራ ክፍል) 1.1ን 53 ጊዜ እርስ በርሱ አባዝቶ ወደ ሙሉ ቁጥር ሲለውጠው 156 ማለት ሲገባው 0 ይል ነበር። በ52 ጊዜው ግን ትክክለኛውን 142 ይሰጣል! ስሌቱ የፋይል መጠን ለማወቅ ስለሚያገለግል ደህና ፋይሎች ባዶ ተብለው ይቀሩ ነበር። የጉግል ባለሙያዎች በዚያው ዓመት የገለጹት ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ኮር ራሱ አሳስቶ ያመሰጠረውን ራሱ ሲፈታው ልክ ይመጣል፣ ሌላ ኮር ሲፈታው ግን ትርጉም የለሽ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቼክሰም ብቻውን አያድንም፤ ከተሳሳተው ስሌት በኋላ የተሰላ ቼክሰም ስህተቱን እንዳለ ያጸድቀዋልና። ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጀውን ፕሮግራሜን ቀይሬዋለሁ፦ ኤስኤችኤ-256 ፋይሉን መጠኑ እንዲያንስ ከመጭመቁ በፊት ይሰላል፤ የተጨመቀው ደግሞ በሌላ ኮር ላይ ተፈትቶ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራል። ሥራው በግልጽ ዘግይቷል፤ ለዋና ዋናዎቹ ፋይሎች ግን መዘግየቱን እቀበላለሁ። ቀጥሎ የምሞክረው ይኸው ማነጻጸር በሁለተኛ ማሽን ላይ እንዲካሄድ ማድረግ ነው።