ዘጠነኛ ክፍል እና የድሮው የሬዲዮ ድራማ

ደሴ፣ ሐሙስ ማታ

በአማርኛ ትምህርት የማዳመጥ ምንባቡ የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። መምህሩ ያነባል፤ ተማሪው አዳምጦ ጥያቄ ይመልሳል። ለዓመታት እንዲህ አስተምሬያለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ድምፅ ሲያነብ እናትም ልጅም ዳኛም ሌባም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። በዚህ ወር ግን የድሮ የሬዲዮ ድራማ በስልኬ ጭኜ፣ ድምፅ ማጉያ ተውሼ ገባሁ።

ያለ ማብራሪያ ጥቂት ካሰማኋቸው በኋላ አቆምና «ስንት ሰዎች ናቸው? የሚተዋወቁ ናቸው?» እላለሁ። ዛሬ በር ተንኳኳ፤ አንዲት ሴት ከፍታ «መቼ መጣሽ?» አለች። እዚያው አቆምኩት። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «እንግዳዋ ሴት ናት፤ በዕድሜም አትበልጣትም» አለ። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው «'መጡ' አላለቻትም፣ መምህር» አለኝ። በሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ የምደረድረውን ከአንዲት ግስ አወጣው! የሬዲዮ ጸሐፊ ሰዎቹን ማሳየት ስለማይችል ጾታውንም፣ ዕድሜውንም፣ ቅርበቱንም በግሱ መጨረሻ ያሸክመዋል። ኩርፊያም ሳይቀር፦ ባልየው ሚስቱን ድንገት «እርስዎ» ሲላት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ማንም አላስረዳቸውም።

ለሬዲዮ ተብሎ ከተጻፉት ተውኔቶች የመጀመሪያው የሚባለውንም ነገርኳቸው። የሪቻርድ ሂውዝ ሥራ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1924 በቢቢሲ ተሰራጨ። ሰዎች የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሲጎበኙ መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ ውኃ ይመጣል። ባለታሪኮቹም አድማጩም እኩል ጨለማ ውስጥ ናቸው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

የቤት ሥራው «ቤተሰቦቻችሁ የትኛውን ድራማ ይከታተሉ ነበር?» የሚል ነበር። ብዙዎቹ እነሱ ሳይወለዱ፣ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» ይዘው መጡ። እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት ልጅ፣ ሐይቅ ያሉት አያቷ ከአቦል እስከ በረካ የተረኩላትን ክፍሉ ፊት ቆማ ተረከችው። የአያቷን የድምፅ አወጣጥ እንኳ አልረሳችም። መናገርን በሌላ መንገድ እንዲህ አስተምሬ አላውቅም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ማዳመጥ በብሔራዊ ፈተና አይመጣም» ይለኛል። እውነት ነው፤ አይመጣም። ልጆቹ ግን ከፈተናው በኋላም ከሰው ጋር ይኖራሉ።

አሁን የራሳቸውን አጭር ድራማ እየጻፉ ነው። አንዱ ቡድን ጤፍ በቆርቆሮ ላይ እየበተነ ዝናብ ሠርቷል። ሌላው ከትዕይንት ወደ ትዕይንት መሸጋገሪያ የሚሆነው ዜማ ባቲ ይሁን ወይስ አምባሰል በሚለው ተከራክሮ አልጨረሰም። ሁለቱም የአገራችን ቅኝቶች ስለሆኑ ጣልቃ አልገባሁም። ሰኞ የመጀመሪያው ቡድን ከአንሶላ ጀርባ ሆኖ ያሰማናል፤ አድማጮቹ ማን ማን እንደሆነ ይጽፋሉ። ያልገባቸው ነገር ካለ ጸሐፊዎቹ በቃል ማስረዳት አይፈቀድላቸውም፤ ምልልሱን አርመው እንደገና ያሰማሉ።