በአንድ ጥያቄ አዮዋ ደርሰን መጣን

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ሌሊት ተነስተን በአይ-35 አውራ ጎዳና ወደ አዮዋ ዋና ከተማ ዴ ሞይን ወረድን። አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለ መንገዱ ብዙ የማወራው የለኝም፤ በረዶ የለበሰ የእርሻ ማሳ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠመ በጥያቄ ያጣድፈኛል። የኢንሱሊን ብዕሮቹን (የስኳር በሽታ መርፌዎቹን) ከጃኬቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ ይዟቸዋል። ሻንጣ ውስጥ በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2020፣ እሁድ ነበር። በማግስቱ አዮዋ ዴሞክራቶች ለፕሬዚዳንትነት ማንን እንደሚያቀርቡ የሚለይበትን የመጀመሪያውን ምርጫ ታካሂዳለች። የእኔ ተራ ማርች 3 ነው፣ ሚኒሶታ ውስጥ። ማንን ልምረጥ? ይህን ጥያቄ ይዘን ነው የወጣነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ሳያቸው ዕጩዎቹ ሁሉም አንድ ሆነውብኝ ነበር። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ይሁን? ይሁን ይላሉ። የትራምፕ የጉዞ እገዳ ይነሳ? ይነሳ። በዚያው ሳምንት ዓርብ እገዳው ኤርትራንና ሱዳንን ጨምሮ ወደ ስድስት ተጨማሪ አገሮች ሰፍቶ ስለነበር ይህ ለእኛ ሠፈር ትልቅ ጉዳይ ነው። ግን በእሱ አይለያዩም። የሚለያዩት በጤና ኢንሹራንስ ነው።

እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ኢንሹራንሴን የሠራተኛ ማኅበራችን ተደራድሮ ያመጣው ነው፤ ጥሩ ነው። ጓደኛዬ ታክሲ ይነዳል፤ ስኳር አለበት። በየወሩ ለኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ግን ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው) ሰማይ ስለነካ ኢንሱሊኑን የሚገዛው ከኪሱ ነው። ያለው ግሪን ካርድ ነው፤ መምረጥ አይችልም። ስለዚህ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት፤ በአንዱ በኩል «የእኔ»፣ በሌላው «የሱ» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያን ቀን ከዕጩዎቹ ሦስቱን በአካል ሰማን፤ ባይደንን፣ ቡቲጀጅንና ዋረንን። ሳንደርስንና የእኛዋን ሴናተር ክሎቡቻርን አላገኘናቸውም፤ የእነሱን ከጽሑፍ ሞላሁት። ባይደንና ክሎቡቻር የኦባማን የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ይዘን የመንግሥት ኢንሹራንስ አማራጭ እንጨምርበት ይላሉ። ቡቲጀጅም እዚያው ነው፤ የፈለገ ይግባበት፣ ያልፈለገ የያዘውን ይቀጥል ነው የሚለው። ሳንደርስ የግል ኢንሹራንሱ ቀርቶ በአራት ዓመት ውስጥ ሁሉም ሰው ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ውስጥ ይገባል ይላል። ዋረንም መድረሻዋ ያው ነው፤ ግን መጀመሪያ አማራጩን አስጀምራ ሙሉውን ሕግ እስከ ሦስተኛው ዓመት ታዘገየዋለች።

ጎን ለጎን ሳያቸው ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የእነባይደን ሐሳብ የእኔን ኢንሹራንስ አይነካም። የሳንደርስ ግን የእኔን ወስዶ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ይሰጠናል። ይሄ እንቅልፍ ነሳኝ።

እንቅልፍ የነሳን ሞቴሉም ነው። በስልክ 89 ዶላር ብለውኝ ስደርስ 169 አስከፈሉኝ። የምርጫ ሳምንት ነው አሉ። ተከራከርኩ፣ ተናደድኩ፣ ከፈልኩ። ማሞቂያው ደግሞ አልቀንስ ብሎ ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ። ፍሪጅ የለም። ጓደኛዬ በመኪናው ብርድ የተጨነቀላቸው ብዕሮች አሁን በሙቀት ሊበላሹበት ሆነ። ማታ ተረኛ የነበረችው ወጣት ይህን ስትሰማ ብዕሮቹን በፌስታል አድርጋ፣ የክፍላችንን ቁጥር ጽፋበት፣ እራቷን ከምታስቀምጥበት ፍሪጅ ውስጥ ከተተችልን። ጠዋት ስትወጣም ክፍላችንን አንኳኩታ በእጁ ሰጠችው። እናቷም ስኳር አለባቸው።

ሰኞ ማታ በ1 ሰዓት ኮከሱን (ሰው በአደባባይ ተሰብስቦ የሚመርጥበትን ስብሰባ) ለማየት አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ገባን። ተመልካች ዳር ሆኖ ማየት ይፈቀድለት ነበር። ያኔ ሰው በየሚደግፈው ዕጩ ጥግ ይቆም፣ ይቆጠር ነበር። ከተሰብሳቢው 15 ከመቶ ያልሞላ ቡድን ይፈርስ፣ አባላቱም ወደ ሌላ ይሄዱ ነበር። እኔ በ97 ምርጫ አዲስ አበባ ከሌሊት ጀምሬ ተሰልፌ ድምፄን በምስጢር የሰጠሁ ሰው ነኝ። ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ሲመርጥ ማየት መጀመሪያ ጨነቀኝ። የባይደን ጥግ ከ15 ከመቶው በሦስት ሰው ጎደለ። አንዲት አሮጊት ካርዳቸውን ይዘው መሀል ሜዳ ላይ ቆሙ። ጎረቤቶቻቸው ከየጥጉ በስማቸው እየጠሩ ለመኗቸው፤ ማንም አልጮኸባቸውም። ቆይተው ቀስ እያሉ ወደ ክሎቡቻር ሄዱ።

ግን ማታ 1 ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባ ሰውስ? መልሱን ከስልኬ አገኘሁት። በዚያ ዓመት ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ሌላ ሰዓትና ቦታ ተፈቅዶ ነበር። ኦተምዋ ከተማ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች እኩለ ቀን ላይ በማኅበራቸው አዳራሽ መርጠዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። 15 ሰው ነበር፤ 14ቱ ለሳንደርስ፣ አንዱ ለዋረን። ጓደኛዬ ደጋግሞ አስነበበኝ። እዚያ አለመሄዳችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውጤቱን ሳንሰማ ነው የተመለስነው፤ ቁጥር የሚላክበት መተግበሪያ ተበላሽቶ ቀናት ፈጀ። በመጨረሻ ቡቲጀጅ 14፣ ሳንደርስ 12 የፓርቲ ጉባኤ ተወካይ አገኙ፤ በሰው ቁጥር ግን ሳንደርስ ይበልጥ ነበር።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ድምጿን በፖስታ ልካ ጨርሳለች፤ ለክሎቡቻር። ማርች 2 ቀን ክሎቡቻር ራሷን አግልላ ባይደንን ደገፈች። ባለቤቴ ድምፄን ልቀይር ብላ ደወለች። የመቀየሪያው ቀን አልፎ ነበር። እንደዚያ ስታዝን አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ጓደኛዬ በታክሲው ምርጫ ጣቢያ አደረሰኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለኝም። ስወጣ «የቱን ገጽ መረጥክ?» አለኝ። «ያንተን» አልኩት። ሳንደርስን ነበር የመረጥኩት። ማታ ውጤቱ ሲነገር ሚኒሶታን ባይደን ወሰደ። ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ ጓደኛዬ ነው። ደብተሩን እንዳወጣና ስለ ባይደን አማራጭ የጻፍኩትን ከመጀመሪያው እንዳነብለት ጠየቀኝ።