የዱር በጉን የበላው ውሻ

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እናንተ ጋ የዱር ሥጋ በየጫካው ነው አሉ፤ ለምን እያደንክ አትሸጥም?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ወዲያው የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩት።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የመስቀል ሰሞን፣ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ፂማም ሰውዬ በወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ ሰጠኝ። «የተራራ በግ ነው፤ ራሴ ያደንኩት» አለኝ። ቀንዱ ዞሮ የተጠመዘዘው፣ ቢግሆርን የሚሉት የኮሎራዶ ምልክት የሆነው በግ ነው።

እኔ ምን ተሰማኝ? ንቀት! እኛ በግ የምንገዛው ላቱን ዳብሰን፣ ጀርባውን ጨብጠን፣ ከነጋዴው ጋር ተጨቃጭቀን ነው። ከገደል በጥይት የወደቀ ነገር የቸገረው ይብላው። ደግሞስ ማን ባረከው? እናቴን በስልክ ብጠይቃት «ጥይቱ ነው በስመ አብ ያለው?» አለችኝ። አለቀ።

ሁለት ኪሎ የሚሆነውን ሥጋ ማታውኑ ለጎረቤቴ ውሻ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ምሳ ላይ ሰውዬው ሁሉም እየሰማ «እንዴት ሠራኸው?» አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጥብስ» አልኩ። «ጣዕሙስ?» አላርፍ አለ። ፍየል ፍየል የሚል መስሎኝ «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይከረፋል እንጂ» አልኩ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

ለካ የዱር በግ ሥጋ ልስልስና ጠረን የሌለው ነው። አዳኞች ከዱር ሥጋ ሁሉ አስበልጠው የሚያወሩለት እሱን ነው። ፈቃዱ ደግሞ በዕጣ ነው የሚገኘው። ሰውዬው 14 ዓመት ዕጣ ሲሞክር ኖሮ በመጨረሻ ደርሶት፣ ከዚያ ላይ ነው የቆረሰልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ተናገርኩ። ውሻው ጋ ስደርስ አንዷ ሴትዮ ቡናዋ ትን አላት።

ወሬ ለማስቀየር መሰለኝ አንዱ «እናንተ ጋ የዱር ፍየል የለም?» አለ። «ዋልያ አለን፤ ሰሜን ተራሮች ላይ። በዓለም ሌላ ቦታ ስለሌለ አይነካም። የብሔራዊ ቡድናችንም ስም ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ቡድኑስ ጎበዝ ነው?» አለኝ። እሱንም ተውነው።

በዓመቱ ሰውዬው ኤልክ የሚሉትን ግዙፍ አጋዘን ሥጋ ይዞልኝ መጣ፤ ከነትምህርቱ። ሞራው አፍ ላይ እንደ ሻማ ስለሚረጋ ከነጅማቱ ተገፎ ይጣላል። የሚከረፋው ብዙ ጊዜ ሴት ፍለጋ ሲራወጥ የተገደለ አውራ ነው። ይሄን እንኳ እኔም አውቃለሁ፤ ወጠጤና ሙክት አንድ አይደሉም። ጮማ ስለሌለው ደግሞ እንደኛ ጥብስ እሳት ላይ ከቆየ የጫማ ሶል ይሆናል። እነሱ ታዲያ የሚቀምሙት በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ምግብ ተብሎ!

እኔ ክትፎ አደረግኩት። ክትፎ የሚፈልገው ቀይ ሥጋ አይደል? ቅቤና ሚጥሚጣው ከእኔ። ግን በደንብ አብስዬ ነው። እዚህ የዱር ሥጋ በጥሬው ጎረድኩ ብሎ ጀግንነት የለም፤ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። አጋዘኖቹን እያከሳ የሚገድል በሽታም አለ፤ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ኮሎራዶ በፈረንጆቹ 1967 ነው። ሰው ላይ ሲተላለፍ አልታየም፤ ሆኖም ጭንቅላቱ ተመርምሮ በሽታው ከተገኘበት ሥጋው እንዳይበላ ይመከራል።

ክትፎው? ስለ በጉ አስቤ ልቤ ቆሰለ። ለእናቴ «ዘዳግም 14 ዋላና ሚዳቋ ብሉ ይላል» ብላት «ብሉ አለ እንጂ ተኩሱ አለ?» ብላ ረታችኝ።

የደወልክልኝ ወንድሜ ሆይ፣ ያደኑትን ሥጋ መሸጥ እዚህ ክልክል ነው። ለማደን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በፈረንጆቹ ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝ ትምህርት ይወስዳል። ወረቀትህ ሳይስተካከል ደግሞ ጠመንጃ እንዳትነካ፤ መዘዙ እስከ መባረር ነው። እኛ የመጣነው ሣጥን ልንሸከም ነው። ሥጋ የሰጠህ ሰው ካለ ግን ስንት ዓመት እንደጠበቀው ጠይቀው።

ባለፈው ጥቅምት ሰውዬው ሁለት ጥቅል ይዞ መጣ። በትልቁ ላይ ስሜን ጽፎበታል። በትንሹ ላይ «ለውሻው» ይላል።