ባለ ሦስት ጎማ የልጅ ጋሪ ስንመርጥ

ለልጃችን ጋሪ ለመግዛት ስንነሣ እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ ያየነው ቀለሙንና የጨርቁን ልስላሴ ነበር፤ ዛሬ ብመርጥ ግን ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በፊተኛው ጎማ ላይ ነው። ይህ ጎማ ወደ ግራና ቀኝ እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ ጋሪውን በጠባብ ቦታ በአንድ እጅ እንኳ ማዞር ይቻላል፤ በኮረኮንች ወይም በቁልቁለት መንገድ ላይ ግን እንዳይንቀጠቀጥና አቅጣጫውን በድንገት እንዳይስት ቀጥ ብሎ የሚቆለፍበት መያዣ ሊኖረው ይገባል።

በአየር የሚሞሉት ትልልቅ ጎማዎች ለልጁ እንቅልፍ ይመቻሉ፤ ነገር ግን ይተነፍሳሉ። አንድ ቀን ከቤት ርቀን ሳለን የኋላው ካላማዳሪያ ተንፍሶ፣ ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ፣ እኔ ባዶውን ጋሪ እየጎተትሁ ተመልሰናል። ከዚያ ወዲህ ትንሽ መንፊያ ከዳይፐሩ ጋር ይዘን እንወጣለን።

ባለ ሦስት ጎማው ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲወርድና በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ጎን የማዘንበል ጠባይ ስላለው፣ የኋለኞቹ ጎማዎች ተራርቀው የተተከሉበትንና መቀመጫው ዝቅ ያለውን መርጠናል። በእጀታው ላይ ከባድ ቦርሳ ማንጠልጠልም ጋሪውን ወደ ኋላ ሊገለብጠው ይችላል። ቀበቶው ትከሻን፣ ወገብንና በእግሮች መካከል የሚይዝ ባለ 5 ነጥብ፣ ፍሬኑም በእግር ሲረገጥ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች የሚይዝ ይሁን። አራስ ልጅ ተዘርግቶ በጀርባው የሚተኛበት መቀመጫ ያስፈልገዋል፤ ጋሪው ለሩጫ የተሠራ ቢሆን እንኳ ልጁ ቢያንስ 6 ወር ሳይሞላውና አንገቱ ሳይጠና እየገፉት መሮጥ አይገባም።

የበራችንን ስፋት ግን ሳንለካ ገዛን፤ ጋሪው እስከ ዛሬ የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው።