የስንት ሞዴል ናት?

ለግዥ ኮሚቴው ያቀረብኩት የቴክኒክ ዝርዝር አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ከፋይናንስ ክፍል ዞሮ ሲመለስ ግን «ያገለገለ ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ሞዴል ከ2009 ወዲህ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተርፎለት አገኘሁት። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ መኪና በሌላ አቆጣጠር ሞዴል ሲወጣላት አይቼ አላውቅም።) የቀረው የት እንደገባ ስጠይቅ የፋይናንስ ኃላፊው «ኢንጂነር፣ ሻጭ ይህን ሁሉ አያነብም» አሉኝ። ሻጭ እንደማያነብ እኔም አውቃለሁ፤ የጻፍኩትም እሳቸው እንዲያነቡት ነበር።

2009 የሚለው ቁጥር የእኔው ነው፤ ግን ብቻውን እንዲቆም አልነበረም የጻፍኩት። ሦስተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ከ2006 እስከ 2012 ሞዴል የቀረበ ሲሆን፣ እስከ 2008 ድረስ ባለአራት ሲሊንደሩ የሚመጣው 2.4 ሊትር ሞተር ይዞ ነው። ያ ሞተር ብዙ የሚወደስለት ነገር አለው፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የወጣው ዘይት በመብላት ይታወቃል። ፒስተኑን የሚከበው ዘይት ጠራጊ ቀለበት፣ ማለትም ፋሻው፣ ካርቦን ይዞት ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር እየተቃጠለ በጭስ ማውጫው ይወጣል። አምራቹ ራሱ ነገሩን ተቀብሎ ከ2006 እስከ 2008 ሞዴል ላሉት ዋስትናውን አራዝሞ ነበር፤ 1,200 ማይል ተነድተው ከአንድ ኳርት በላይ፣ ማለትም አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት ከሚቀረው በላይ፣ ዘይት ለጎደላቸው መኪኖች ፒስተኑንና ፋሻውን በተሻሻለ ዕቃ ያለክፍያ ይቀይር ነበር። በ2009 ሞዴል 2.4ቱ ቀርቶ 2.5 ሊትሩ ገባ። እኔ የጻፍኩት «2.5 ሊትር ሞተር ያለው፣ ማለትም ለሰሜን አሜሪካ የተሠራ ከሆነ ከ2009 ሞዴል ወዲህ፣ ቢቻል 2011 ወይም 2012» የሚል ነበር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እሳቸው መርጠው ያስቀሩት ዓመቱን ነው።

የተቆረጠው የቀረው ክፍል ዓመቱ ምንም ቢሆን መታየት ያለበትን የሚዘረዝር ነበር። ከ2006 እስከ 2011 መጀመሪያ ድረስ በተሠሩት ላይ የኋላ ጎማውን የሚይዘው የእግር ክንድ ዳዶ ከጎማ አሰላለፍ ማስተካከያ በኋላ በደንብ ካልተጠበቀ፣ ክንዱ እየላላና እየዛገ ሄዶ ሊለያይ ስለሚችል በ2012 ለጥገና ተጠርተዋል። እስከ 2012 ድረስ ያሉት በሙሉ ደግሞ በከባድ ግጭት ጊዜ የኋላው ወንበር ብረት ቀበቶውን ሊቆርጠው ይችላል ተብሎ በ2016 ሌላ ጥሪ ወጥቶባቸዋል። ኃላፊው መጀመሪያ የፈለጉት 2013ን ነበር፤ ምክንያታቸውም «መልኩ አዲስ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ በ2013 የኋላው በር ወደ ጎን መከፈቱ ቀርቶ ወደ ላይ መነሣት ጀመረ፤ ከበሩ ላይ ይንጠለጠል የነበረው ትርፍ ጎማ (ስኮርታው) ወለሉ ሥር ገባ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮውም ከአራት ማርሽ ወደ ስድስት አደገ። ሞተሩ ግን ያው 2.5 ነው። አንድ ትውልድ ሊያልቅ ሲል የወጣው መኪና ሕመሙ ተለይቶ የታወቀ ስለሆነ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ አሮጌ ይሻላል እያልከኝ ነው?» ብለው ለኮሚቴው አባላት ሳቁላቸው። አባላቱም ሳቁ። ያን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁትም።

በማስታወቂያው መሠረት የመጣችው መኪና ብርማ፣ ንጹሕ፣ ገና ስትታይ እጅ የምትስብ ነበረች። ሊብሬዋ 2009 ይላል። ኃላፊው ሊብሬውን ዐይተው፣ ወንበሯን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ስልካቸውን አወጡ። እኔ ኮፈኑን አስከፈትኩ፤ ሞተሩን ለሚያውቅ ሰው ከሽፋኑ ጀምሮ ይለያል፣ 2.4 ነው። ረዳቴ ከመስተዋቱ ሥር የሻንሲ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ 10ኛው ላይ አስቆምኩት።

«ስንት አልክ?»

«ስምንት።»

ለሰሜን አሜሪካ በተሠራ መኪና ባለ17 መለያው የሻንሲ ቁጥር ላይ 10ኛው ሞዴሉን ይናገራል፤ 8 ከሆነ 2008፣ 9 ከሆነ 2009፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ፊደል ይዞርና ኤ 2010፣ ቢ 2011 እያለ ይቀጥላል። የሹፌሩን በር ከፍተን ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ስናይ ደግሞ የተመረተችው በ2008 በስድስተኛው ወር መሆኑ ተጽፏል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ተሠርታ ሳትሸጥ ከርማ መጀመሪያ የተመዘገበችው በ2009 ስለሆነ ወረቀቱ የምዝገባውን ዓመት ይዞ ቀርቷል። ይህ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ያየዋል።

«የ2008 ሞዴል ናት» አልኩ።

ኃላፊው ሊብሬውን ወደ እኔ ዘረጉት። «ይኸው 2009 ተብሎ ተጽፏል።»

«እሱ የተመዘገበችበት ነው፤ ሞዴሏ 2008 ነው። ሞተሯም 2.4 ነው።»

«ኢንጂነር፣ እኔ ኦዲተር ሲመጣ የማሳየው ሊብሬ ነው፤ ኮፈን ከፍቼ ሞተር አላሳይም።»

ለዚህ የሚሆን መልስ ዛሬም ድረስ ስፈልግ አላገኘሁለትም፤ ምክንያቱም በራሱ መንገድ ትክክል ነው።

ሻጩ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ክርክሩ ሲከር የዳሽቦርዱን ኪስ ከፍቶ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ጥቅል አውጥቶ «ጌታዬ፣ እስቲ ይህንን ይዩልኝ፤ ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው፣ እኔ ምን እንደሚል አላውቅም» አለኝ። አብዛኛው የዘይት ቅያሬና የፍሬን ሸራ ደረሰኝ ነው። ከመሐል ግን ሁለት ገጽ የሥራ ትእዛዝ ወጣ። የዘይት ፍጆታ ፈተና ተደርጎላት ከልክ በላይ መሆኑ ተመዝግቧል፤ ቀጥሎ አራቱም ፒስተን ከነፋሻው፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ የቴስታታ ብሎኖች ተቀይረዋል፤ ሒሳቡ ዜሮ፣ ከፋዩ አምራቹ። የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱና ከመኪናዋ እያስተያየን ከ1ኛው እስከ 17ኛው ተነባበብን፤ አንድም አልተዛነፈም። ኪሎ ሜትሩም በፊትና በኋላ ካሉት ደረሰኞች ጋር ይሄዳል። ጭስ ማውጫውን በጣቴ ጠረግሁት፤ የወጣው ደረቅ ግራጫ ጥላሸት ነው እንጂ ዘይት የሚበላ ሞተር የሚተወው ጥቁር ቅባት አይደለም። የኋላ ክንዱም ተቀይሯል፣ ወረቀቱ አለ።

እንግዲህ ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የ2008 ሞዴል መግዛት የለብንም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩበት ምክንያት ግን በዚህች መኪና ላይ ተነሥቶ፣ በወረቀት ተረጋግጦ፣ ቁጭ ብሏል። ውስጡ ያልታየ፣ ማን እንዴት እንደያዘው የማይታወቅ 2010 ሞዴል ከሚያመጡልኝ ይህችን እመርጣለሁ። ስለዚህ «በ2008 ዋጋ ትገዛ» አልኩ። ሻጩ፣ መቼም ልምዱ ስላለው ይመስለኛል፣ ብዙም ሳይከራከር ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ተስማማ።

ኃላፊው ግን እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ቆይ። ዋጋ አትቀንስ!»

ሻጩ ጆሮውን ማመን አልቻለም፤ ገዢ ዋጋ አትቀንስ ሲል ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ምክንያታቸውን ወደ ጎን ወስደው አስረዱኝ። ማስታወቂያው ከ2009 ወዲህ ይላል፤ መኪናዋ 2008 በመሆኗ ዋጋ ከተቀነሰ 2008 መሆኗን አመንን ማለት ነው፤ 2008 መሆኗን ካመንን ደግሞ መግዛት አንችልም። 2009 ከሆነች ግን በ2009 ዋጋ መግዛት ግዴታችን ነው። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት የለም። የእኔን አንድ ገጽ ተኩል እንዳለ ቢተዉት ኖሮ «2.5 ሊትር ወይም ጥገናው በሰነድ የተረጋገጠ» ብሎ ማሻሻል ይቻል ነበር፤ አንድ መስመር ግን የሚሻሻልበት ቦታ የለውም።

የተገኘው መፍትሔ የእሳቸው ነው፤ ብልሃቱንም አልነፍጋቸውም። ቅናሹ ተወሰደ፤ ምክንያቱ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ «ጎማዎቹ መቀየር የሚያስፈልጋቸው በመሆኑ» ተብሎ ተጻፈ። ጎማዎቹ አዲስ ነበሩ። ጎናቸው ላይ የምርት ሳምንቱንና ዓመቱን የሚናገሩት አራት አኃዞች ዓመት እንኳ እንዳልሞላቸው ይመሰክራሉ፤ ረዳቴ ጎንበስ ብሎ አንብቧቸው ቀና ሲል ዐይኔን ዐየኝ፤ እኔም ወደ ሌላ ዞርኩ። በእኔ የምርመራ ሪፖርት ላይ ግን «በሊብሬ 2009 ተብላ የተመዘገበች፣ በሻንሲ ቁጥሯ የ2008 ሞዴል የሆነች፣ ፒስተንና ፋሻዋ የተቀየረ፤ ለግዥ ብቁ ናት» ብዬ ፈርሜአለሁ። ሪፖርቱ በፋይሉ መጨረሻ፣ ከነዳጅ ደረሰኞች ኋላ ተያይዟል፤ የፈለገ ሰው ያገኘዋል፣ የፈለገ ሰው ግን እስካሁን የለም።

መኪናዋ እስካሁን በሥራ ላይ ናት። ሹፌሮቹ በየሳምንቱ የዘይት መለኪያ ዘንጉን (ዲፕስቲኩን) እንዲያዩ አዝዤ ነበር፤ ከዘይት ቅያሬ እስከ ዘይት ቅያሬ ይህ ነው የሚባል አይጎድልም። በዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ ላይ ኃላፊው ይህንኑ አንሥተው «ከ2009 ወዲህ ብለን መወሰናችን ያስገኘው ውጤት ነው» ሲሉ ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ። 2009 የሚለው ቁጥር መጀመሪያም የእኔ ነበርና ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ያጨበጨብኩት አይደለም።

ይልቅስ የገረመኝ 10ኛውን መለያ ማወቃቸው ያመጣው ለውጥ ነው። ያን ቀን ከረዳቴ ሲሰሙ ምንም ያልመሰላቸው ነገር ከጊዜ በኋላ የራሳቸው ሙያ ሆነ። መኪና በቀረበ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው፣ ቁጥሩን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «10ኛው ስንት ነው?» ይላሉ። ለሌሎቹ የኮሚቴ አባላትም ያስተምራሉ። ለየትኛው ገበያ በተሠራ መኪና ላይ እንደሚሠራ ግን አይጠይቁም፤ እኔም ሳልጠየቅ መናገር ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ቀጥሎ የቀረበችልን ራቭ ፎር ለጃፓን ገበያ የተሠራች ነበረች፤ ሊብሬዋ 2011 ይላል፣ እሱም ትክክል ነው። ለጃፓን ገበያ በተሠሩት ላይ ግን ባለ17 መለያ ቁጥር የለም፤ ያለው ኤሲኤ31 የሚል የአካል መለያና ከእሱ ቀጥሎ ሰባት አኃዝ ያለው ተራ ቁጥር ነው። ስለ ሞዴል ዓመት ምንም አይናገርም። የጃፓን ገበያ ደግሞ ያንን አካል እስከ 2016 ድረስ ሲሸጥ 2.5 ሊትሩን አላየውም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 2.4 ነው። ስለዚህ «ከ2009 ወዲህ» የሚለው መስመር እዚህ ላይ ምንም አይከላከልም፤ የእኔ አንድ ገጽ ተኩል ግን ሁለተኛው አንቀጹ ላይ ያስቆማት ነበር። እኔ ለማየት እስክደርስ አልተጠበቅሁም። ኃላፊው ራሳቸው ወርደው ቆጥረው፣ ተራ ቁጥሩ መሐል ላይ 10ኛው አኃዝ 3 ሆኖ አግኝተውት ውሳኔውን በደብዳቤ አውጥተዋል፤ «የተሽከርካሪው 10ኛ መለያ 3 በመሆኑና የ2003 ሞዴል ሆኖ ስለተገኘ፣ ከሊብሬው ጋር ስለማይጣጣም ውድቅ ተደርጓል።» ያ አካል በ2003 ገና አልተሠራም፤ ለገበያ የቀረበው በ2005 መጨረሻ ነው።

ደብዳቤው ለአስተያየት ወደ እኔ ተመርቶ መጣ። ስሕተት ነው ብዬ ብመልሰው መኪናዋ እንደገና ትቀርባለች፤ እንደገና ከቀረበች ሊብሬዋ 2011 ስለሆነ መስፈርቱን ታሟላለች፤ ካሟላች ደግሞ አንድም የጥገና ወረቀት የሌላትን 2.4 ሊትር መኪና እንገዛለን። «አይቻለሁ፣ በውሳኔው እስማማለሁ» ብዬ ፈረምኩበት።