ማስታወስ የተሳናት ሚስት ማንን ትመን?

እ.ኤ.አ. በ2014 ለእይታ የበቃው «ቢፎር አይ ጎ ቱ ስሊፕ» የተሰኘው ፊልም ያስፈራኝ፣ ኒኮል ኪድማን የምትጫወታት ክርስቲን በየማለዳው ስትነቃ አጠገቧ የተኛውን ሰው ባለማወቋና እርሱ ስለ ራሷ የሚነግራትን ሁሉ ለማመን በመገደዷ ነው። ስትተኛ ትውስታዋን የሚያጠፋባት ሕመም ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደለም፤ አሜሪካዊው ሄንሪ ሞሌይሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት አዲስ ትውስታ መያዝ ተስኖት እስከ ሞተበት እስከ 2008 ኖሯል። የእርሱ ትውስታ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋ ነበር እንጂ እንደ ክርስቲን እንቅልፍን አይጠብቅም ነበር።

ፊልሙን ደሴ ቤታችን ውስጥ ሳየው ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ የክርስቲን ብቸኝነት ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ባል የሚስቱን ያለፈ ሕይወት ሊሰውርባት ቢሞክር፣ ቡና የሚጠራሩት ጎረቤቶች፣ የቅሬው (የዕድሩ) አባላትና ጋብቻውን ያስማሙት ሽማግሌዎች ሁሉ ምስክር ይሆኑላት ነበርና ውሸቱ ውሎ አያድርም፤ እርሷ ግን ያላት በድብቅ የራሷን ቃል የምትቀርጽበት ካሜራ ብቻ ነው። ባለቤቴ፣ ባል ሚስቱን ከሐዘን ለመጠበቅ ሲል አንዳንድ ነገር ቢደብቅ አይፈረድበትም ሲል ተከራከረኝ። እኔ አልተስማማሁም፤ ሐዘኗም ቢሆን የራሷ ነው፣ ሊነጥቃት አይገባም።